የገና ማዕድ በስንት ሰዓት ይቅረብ?

   

ይህ ዓምድ ስለ ኑሯችን የምንወያይበት ነው። ዛሬ የምናነሳው ነገር ቀላል ይመስላል። የገና ዕለት ቤተ ሰቡ በስንት ሰዓት ይብላ? እንላለን። «ይህም ቁም ነገር ሆኖ ይጻፋል እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። እስቲ ታገሡንና አብረን እናንብብ።

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ግን በቀጣዩ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ይሆናል። ይህ በየ4 ዓመቱ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር።

ከገና በፊት የነቢያት ጾም አለ። ጾሙ ከ40 ቀን በላይ ነው። በነዚህ ቀኖች ጿሚው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። በዋዜማው ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ ያሳልፋል። በብዙ ቦታ ቅዳሴው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ያኔ ጾሙ ይፈታል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ በዕለቱ ጾም የለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ሥርዓት አለው። ዋናው ማዕድ የሚቀርብበትን ሰዓት የሚወስነው ግን ማን ነው? እኛው ነን። ስለዚህ በየቤቱ ይለያያል። አንዱ ከቅዳሴ እንደተመለሰ፣ በጨለማ፣ ዶሮ ወጡን ያቀርባል። ሌላው ሲነጋ ይበላል። ሌላው ቅርጫው ተከፋፍሎ ሥጋው እስኪገባ ይጠብቃል። በሌላም አገር ሰዓቱ አንድ አይደለም። በፖላንድ አገር ዋናው የገና ማዕድ የሚቀርበው በዋዜማው ምሽት፣ የመጀመሪያው ኮከብ ሲታይ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በበዓሉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

በአንድ ቤት ያየነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎረቤታችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ስም አንጠራም። በቤቱ አባወራው፣ እማወራዋ፣ አያቲቱና 4 ልጆች አሉ።

በዋዜማው እናትየዋ ከቀትር ጀምሮ ቆማ ዋለች። ሽንኩርት ላጠች። ከተፈች። ቁሌቱን አበሰለች። ሲመሽ ዶሮው ታረደ። 12 ብልት አወጣች። በሎሚና በጨው አጠበች። አባወራው፣ አያቲቱና ትልልቆቹ ልጆች ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሷ ከድስቱ ጋር ቀረች።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ። አባወራው ደስ ብሎት ነበር። «በሉ ሕፃናቱንም ቀስቅሷቸው፤ ገና እኮ ነው!» አለ። የ5 ዓመቱ ልጅ ዐይኑን እያሸ ተነሳ። ቅቤ የበዛበትን ወጥ በላ። ወዲያው ተመልሶ ተኛ። ጎሕ ሲቀድ አስመለሰው። አያቲቱንም ሆዳቸውን ሲነፋቸው አረፈደ።

ሲነጋ አባወራው ወደ ቅርጫው ሄደ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሥጋው ገባ። እናትየዋ እንደገና እሳት አነደደች። ጥብስ ጠበሰች። ዱለት ሠራች። ቡና አፈላች። እንግዳ ገባ፣ እንግዳ ወጣ። ሁሉም በየጊዜው በላ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እሷ ገና መቀመጧ ነበር። ድስቱን ከፈተች። የቀረው ቁሌት ብቻ ነው።

አያቲቱ አዩዋት። «አንቺ ልጄ፣ ዛሬ እህል ቀምሰሻል?» አሏት።

«ኧረ እማማ፣ ሽታው አጠገበኝ» አለች።

አያቲቱ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እኔም እንዲሁ እያልኩ ነው ያረጀሁት» አሉ።

አባወራው ይህን ሰማ። ያን ቀን ምንም አልተናገረም።

በሚቀጥለው ዓመት

በሚቀጥለው ዓመት፣ ጾሙ እንደ ገባ፣ ቤተ ሰቡ ተወያየ። አያቲቱ፣ «ዘንድሮ ማዕዱ በቀን ይሁን» አሉ። አባወራው ቶሎ እሺ አላለም። «አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ነበር የሚበላው። እኔ አዲስ ነገር ከየት አመጣለሁ?» አለ። አያቲቱም፣ «አባትህ በሌሊት የሚቀምሰው ጾሙን ለመፍታት ያህል ነው። ማዕዱማ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነበር። አንተ ልጅ ስለነበርክ ተኝተህ አላየህም» አሉት። ሁሉም ሳቁ። አባወራውም ሳቀ።

ከዚያ ተስማሙ። በሌሊት ጥቂት ይቀመሳል። ዋናው ማዕድ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይቀርባል። እናትየዋ ሳትቀመጥ ማንም እጁን አይሰድም።

ሁሉ ነገር እንደታሰበው ሆነ አንልም። ቅርጫው ዘገየ። ማዕዱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበ። አንድ እንግዳም ቀድሞ መጣ። «ቡና ጠጣ፤ አብረን እንበላለን» ተባለ፤ ተቀመጠ። ልጆቹ «ራበን» እያሉ ጥቂት አስቸገሩ። ግን እናትየዋ ተቀመጠች። አባወራው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእናቱ፣ ሁለተኛውን ለሚስቱ አጎረሰ። እኛም በዚያ ማዕድ ላይ ነበርንና አየን።

በሌሊት ብዙ መብላት ለምን ይጎዳል?

አንደኛ፣ ሆዳችን ከ40 ቀን በላይ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለምዷል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤና ሥጋ ሲገባበት ይከብደዋል። ይነፋል፤ ያማል፤ ያስቀምጣል። በልተን ወዲያው ስንተኛ ደግሞ ይብሳል። ቃርም ያስነሳል።

ሁለተኛ፣ ሕፃን ልጅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ቢበላ አይረካም። ጾም ያልጀመረ ልጅ መራብ የለበትም። በዋዜማው ማታ እራቱን በልቶ ይተኛ። ሲነጋ ቁርሱን ይብላ። የበዓሉ ማዕድ ሲቀርብ ከሁሉም ጋር ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ምሽት ላይ የተሠራ ወጥ እስከ ቀን ሲቆይ ሊበላሽ ይችላል። ድስቱን መክደን ይገባል። ብርዳም ቦታ ይቀመጥ። ከመቅረቡ በፊት ደግሞ እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ። ለብ ማለቱ አይበቃም።

አራተኛ፣ ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዛል። ሥጋው በደንብ ሲበስል ግን ትሉ ይሞታል። ቀን ላይ ስንበላ ለማብሰል ጊዜ አለን። በጥድፊያ የተሠራ ጥብስ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እንግዲህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው። በየቤታችሁ እንደሚመች አድርጉት።

1. በዋዜማው ቀን ሥራውን እንከፋፈል። ወንዶች እንጨት ይፍለጡ፤ ውኃ ይቅዱ። ሽንኩርት መላጥም የሴት ብቻ ሥራ አይደለም። ዐይን እንደሆነ የሁሉንም ያስለቅሳል! ሥራው በጊዜ ካለቀ እናትም ቅዳሴ ትደርሳለች።

2. ከቅዳሴ ስንመለስ ጾሙን በጥቂቱ እንፍታ። የተልባ ውኃ ጥሩ ነው፤ ሆድን ያለሰልሳል። ትንሽ እንጀራ በአይብ፣ ወይም አንድ ኩባያ የተፈላ ወተት ይበቃል። ከዚያ እንተኛ። የምግብ አብሳይዋም ትተኛ።

3. ሲነጋ ሕፃናት፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ቁርስ ይብሉ። እነሱ ማዕዱን መጠበቅ የለባቸውም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም የነገረውን ሰዓት አይለፍ። በዓል ነው ብሎ መድኃኒት መተው ይጎዳል።

4. ዋናው ማዕድ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ይቅረብ። የቅርጫው ሥጋ ያን ጊዜ ገብቶ በስሏል። በሌሊት የሄደው ሰው እንቅልፉን ጠግቧል። በቤታችሁ ሰዓት ባይኖር ፀሐይን እዩ። ጥላችሁ ከቀኑ ሁሉ በጣም ሲያጥር እኩለ ቀን ሆኗል።

5. እረኛውን አንርሳ። ከብት በዓል አያውቅም፤ መጋጥ ይፈልጋል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረን በተራ እናስጠብቅ። በማዕዱ ሰዓት የኛ እረኛ ቤት ይግባ። የጎረቤት ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ የኛ ሰው ይተካ። ለእረኛው ድርሻ አስቀምጠናል ማለት ጥሩ ነው። አብሮን ቢቀመጥ ግን ይበልጣል።

6. ጎረቤትንም እናስብ። ዶሮ ያላረደ፣ ቅርጫ ያልገባ ቤት ይኖራል። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ይኖራል። የማዕዳችን ሰዓት ከታወቀ፣ በሰዓቱ ልጅ ልከን መጥራት እንችላለን። ሰዓት ከሌለን ግን ሁሉም በልቶ ከተበተነ በኋላ እናስታውሳለን። ያኔ ጥሪው የትርፍ ጥሪ ይሆናል።

ከማዕዱ በኋላ ጥቂት ይታረፍ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የገና ጨዋታ ይጀመር። ሆዱ የከበደው ሰው ሩር ማሯሯጥ አይችልምና ነው። ሎሌም ጌታም እኩል በሚሆንበት ጨዋታ ላይ ቁጣ እንደሌለ እናንተው ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር እንጨምር

አንዳንዶቻችሁ፣ «እኛ ቤት በሌሊት መብላት ደስታችን ነው» ትሉ ይሆናል። እኛ አንከለክልም። በጨለማ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ከቅዳሴ መልስ የሚቀመሰው እህል የራሱ ጣዕም አለው። እሱ ይቆይ። ብቻ ጥቂት ይሁን።

ሰዓቱ 6 ይሁን ወይም 7 ይሁን፣ ዋናው ቁም ነገር እሱ አይደለም። ትክክለኛው ሰዓት ሁሉም ሰው የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ማዕዱ ቀርቦ አንድ ሰው ከጎደለ ትንሽ እንጠብቅ። የጎደለው ሰው ወጡን የሠራችው ከሆነች ደግሞ፣ ሰዓቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው።

በሰላም ያድርሰን። ለዛሬ በዚህ እናብቃ።

እንለማመድ

እነዚህን ቃላት ደጋግማችሁ አንብቡ። ከዚያም በደብተራችሁ ጻፉ።

ማ ዕ ድ — ማዕድ
ዋ ዜ ማ — ዋዜማ
ቅ ር ጫ — ቅርጫ
እ ረ ኛ — እረኛ
ጉ ር ሻ — ጉርሻ

እንወያይ

1. ባለፈው ገና በቤታችሁ መጨረሻ የበላው ማን ነበር? ለምን?
2. አያቲቱ «እኔም እንዲሁ እያልኩ ነው ያረጀሁት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
3. በዋዜማው ከሚሠራው ሥራ ወንዶች የትኛውን ሊይዙ ይችላሉ? ጻፉና ለቤተ ሰባችሁ አንብቡላቸው።
4. የዘንድሮ ማዕዳችሁ በስንት ሰዓት ይሁን? ተስማምታችሁ ሰዓቱን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።