ላሟ ዝም ብላ ስትታመም



ለዚህ ወር ዐምዳችን መነሻ የሆነን ከቸሃ፣ ከእምድብር ወጣ ካለ መንደር አንድ ወጣት የላከልን ደብዳቤ ነው። አባቱ ከአምስት ወር በፊት ከወልቂጤ ገበያ አንዲት የምትታለብ ላም ገዝተው ነበር። ላሟ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ከሌሎቹም ጋር ለግጦሽ ትወጣለች። ይሁን እንጂ ወተቷ በግማሽ ቀንሷል፣ ጸጉሯ ቆሟል፣ የጎድን አጥንቷም መቆጠር ጀምሯል። አባት «ሳትወድቅብን ለዐረፋ ገበያ እናውጣት» ይላሉ። ልጅ ደግሞ «ምን እንደያዛት ሳናውቅ እንዴት እንሸጣታለን?» ሲል ይጠይቀናል። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጥያቄ ነው የመጣልን፤ ከበሽታው እንጀምር።

ከብት ሕመሙን ይደብቃል። በዱር ለሚኖር ሣር በል እንስሳ ደክሞ መታየት ለአውሬ መታጨት ነውና የቤት ከብትም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም። ስለሆነም ላሚቱ መኖ ትታ ስትተኛ ያን ጊዜ «ዛሬ ታመመች» የምንለው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ያስቆጠረውን ሕመም ነው።

የጉራጌ ቤተሰብ ግን በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሌለው ዕድል አለው። በባህላዊው ቤት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ጤነኛ ላም በቀንና በሌሊት ተደምሮ ሰባት ስምንት ሰዓት ያህል ታመሰኳለች፤ ከዚያም አብዛኛው በሌሊት ነው። እናት በመኝታዋ ሆና ያንን ድምፅ ለዓመታት ሰምታዋለች። ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት ዝም ብላ አደረች» ካለች ቤተሰቡ ንግግሯን እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይገባም። እኛ በበኩላችን የእናቶችን ጆሮ ከብዙ መሣሪያ እናስቀድመዋለን።

ከጆሮ ቀጥሎ እጅና ዐይን ይመጣሉ። በላሟ ግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጎዳ ቦታ ላይ ጭብጥህን አሳርፍ። የጤነኛ ላም ጨጓራ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እጅህን ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ የታችኛውን የዐይን ቆብ ገለጥ አድርገህ እይ። ውስጡ ቀላ ያለ መሆን ሲገባው ነጣ ካለ ደሟ አንሷል ማለት ነው። ከትከሻዋ ፊት ለፊት ከቆዳ ሥር ንፍፊት መኖሩንም ዳስስ። በየቀኑ የታለበውን ወተት በአንድ ጣሳ እየሰፈርህ በደብተር ጻፍ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ደብዳቤውን ስናነብ ቀድሞ የጠረጠርነው ገንዲን ነው። ወልቂጤ ገበያ የሚወጣው ከብት ከደጋውም ከጊቤ ሸለቆ በኩልም ይመጣል። ሸለቆው ደግሞ ገንዲን የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ መኖሪያ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የእንስሳት ተመራማሪዎች ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ያጠኑት ስፍራ ነው። ዝንቧ የሌለችበት የደጋ መንደር ነዋሪ ይህን በሽታ አያውቀውምና፣ ላሚቱ በደሟ ይዛው ብትመጣ «አየሩ አልተስማማትም» ይባልና ይታለፋል።

ገንዲ አታላይ ነው። ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል። የላም ሙቀት በፊንጢጣ ሲለካ 38.5 አካባቢ ነው፤ ዛሬ ልክ ሆኖ ብታገኘው ነገ 40 ሊያልፍ ይችላል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ነፍስም በደም ውስጥ አንድ ሰሞን ይበዛል፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ይሰወራል። የእንስሳት ሐኪሙ ከጆሮዋ ጥቂት ደም ወስዶ በቀጭን ብልቃጥ ያሽከረክረዋል። ቀይ የደም ሕዋሱ ከ24 በመቶ በታች ከሆነ ደም ማነሷ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ከዚያም ነፍሱን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ታጣ ማለት ግን የለም ማለት አይደለምና ምርመራው ይደገምላት። የጉበት ትልም ደም ያሳጣል፣ ያከሳልና እበቷ አብሮ ይታይ። ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ በግምት መውጋት ግን ይቅር። በጊቤ ሸለቆ ለተለመዱት የገንዲ መድኃኒቶች የማይበገር ነፍስ መኖሩ ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ ጎደሎ መጠን መስጠት ደግሞ ይህን ያባብሳል።

ወጣቱ «ወተቷ ለትንንሽ እህቶቼ ያሰጋል ወይ?» ብሎም ጠይቆናል። በሸለቆው ከብት የሚይዙት ዋነኞቹ የገንዲ ነፍሳት ሰውን አይዙም። ይልቅ የምንፈራው የከብት ሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ላም ይዛው ዓመታት ደህና መስላ ልትኖር ትችላለችና። ሐኪሙ አንገቷ ላይ ከቆዳዋ ውስጥ መርፌ ወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። በሽታው በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ በአንድ ቤት በመተንፈስም ሊተላለፍ ይችላል። ውጤቱ እስኪታወቅ ለልጆቹ የሚሰጠው ወተት በደንብ ይፍላ፤ ሲሆን ሲሆን ከዚያ በኋላም ይፍላ።

ወደ ገበያው ነገር እንመለስ። ለአባትህ በአክብሮት ንገራቸው፤ የላም ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ ደብቆ መሸጥ በሸሪዓችን አልተፈቀደለትም፤ ገዢውም ዐይቡን ሲደርስበት የመመለስ መብት አለው። ለኡድሒያ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ሕመሟ ግልጽ የሆነ ከብት ለኡድሒያ አትበቃምና። ዛሬ የተደበቀው ሕመም ለዐረፋ ግልጽ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ገንዲ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። የዳነች ላም የምታወጣው ዋጋና በጥድፊያ የተሸጠች ከሲታ የምታወጣው ዋጋ እንደማይገናኝ ለአባትህ ማስረዳት አይከብድህም። «ታክማለች» ብሎ ተናግሮ መሸጥም ነውር የለበትም።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ነገ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ላሚቱን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ንዳት። የወተቱን ደብተር አትርሳ። ከየት በኩል የመጣች ላም እንደሆነች ሻጩ ለአባትህ ነግሯቸው ከነበረ እሱንም ለሐኪሙ ንገረው። የደሙን ውጤት ስታገኝ ጻፍልን።