ቀበሮዋ ለምን ጭላዳውን አትበላም?
የዱር ሕይወት መብላት ወይም መበላት ብቻ ነው ብሎ የጻፈው አምደኛ መንዝ ጓሳን የረገጠ አይመስልም። ቢረግጥማ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እያዘገመች፣ ጭላዳዎቹም ዞር ብለው ሳያዩዋት ሣራቸውን ሲነጩ ባየ ነበር።

«በሬ ካራጁ ይውላል» የሚል አይጠፋም። ጭላዳዎቹ ግን ሞኞች አይደሉም፤ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ ይፈረጥጣሉ። ቀበሮ አንዲት ግልገላቸውን በነጠቀ ጊዜም ተረባርበው አባረውታል።

ምስጢሩ አይጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የጓሳ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮዎቹ ለብቻቸው አይጥ ሲያድኑ የሚሳካላቸው ከመቶ 25 ያህሉ ሲሆን፣ በጭላዳ መሐል ግን 67 ይደርሳል። ምናልባት መንጋው አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣል፤ ምናልባትም አዳኟን ይሸፍናታል። ግልገል ብትነካ ይህ ሁሉ ይቀርባታል።

ፍቅር ነው ያለ የለም፤ ትርፉ ወደ ቀበሮዋ ያደላል። ግን ጦርነትም አይደለም።

ባሌ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮዎች የአበባ ወለላ ሲልሱ፣ አፍንጫቸውም በአበባ ብናኝ ተለውሶ መታየታቸው በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ብናኙ ከአበባ አበባ ከተሻገረ፣ አምደኛው አበባውን ከተበዪዎቹ ወገን ሊቆጥረው ነው?