የምርቃናው ፎቅ ለምን ይፈርሳል?

ከአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) ተነስቶ በጨርጨር ደጋማ ተራሮች በኩል ወደ ሐረር የሚያመራ መንገደኛ ሂርና ሲደርስ ስለ ጊዜ ሁለት ትምህርት ያገኛል። የመጀመሪያውን የሚሰጡት የጫት ነጋዴዎች ናቸው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት፤ ይታሰራል፣ እርጥበቱን እንዲይዝ ይጠቀለላል፣ ይጫናል፣ መኪናውም ይከንፋል። ሁለተኛውን ትምህርት የሚሰጡት ከምሳ በኋላ ለበርጫ የተሰበሰቡት ቃሚዎች ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የማይከፈት ድርጅት፣ የማይገዛ መኪና፣ የማይሠራ ፎቅ የለም። ማታ ላይ ግን ሁሉም ፈርሶ ያድራል። በማግስቱ እንደገና ይገነባል።

ይህ በመላው አገሪቱ የሚታወቅ ቀልድ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ልንመለከተው ወደድን። ከሱስ መላቀቅና አዲስ ሥራ መጀመር የማይገናኙ ጉዳዮች ይምሰሉ እንጂ ሁለቱንም የሚያከሽፋቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱንም የሚያጸናቸውም እንዲሁ። የሚያከሽፋቸው ውሳኔን በስሜት ጫፍ ላይ መመሥረት ነው። የሚያጸናቸው ደግሞ ያ ስሜት በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ሥርዓት ነው።

ቅጠሉ ለምን ይሮጣል?

ነጋዴው የሚጣደፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በትኩስ ጫት ውስጥ የሚገኘው ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ይህ ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ በአብዛኛው ካቲንና ኖርኤፌድሪን ወደተባሉ ደካማ ንጥረ ነገሮች ይለወጣል። ስለዚህ መኪናው የሚሽቀዳደመው ከኬሚስትሪ ጋር ነው ማለት ይቻላል።

ካቲኖን በመዋቅሩም ሆነ በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ከነርቭ ጫፎች በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። በደም ውስጥ ያለው መጠንም መቃም ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መቃም የጀመረ ሰው ፎቁን 10 ሰዓት ላይ መገንባቱ እንግዲህ አያስደንቅም።

ዶፓሚን ብዙ ጊዜ "የደስታ ንጥረ ነገር" ይባላል። ይሁን እንጂ ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ያደረጓቸው ምርምሮች ሌላ ነገር አሳዩ። እንስሳው የጭማቂን መምጣት የሚያበስረውን ምልክት አንዴ ከለመደ በኋላ፣ የዶፓሚን ነርቮቹ በብርቱ የሚነቃቁት ጭማቂው ሲቀርብ ሳይሆን ምልክቱ ሲታይ ነው። ዶፓሚን "መልካም ነገር ሊመጣ ነው" ከሚለው ተስፋ ጋር የተቆራኘ ነው ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት የምርቃናን ምስጢር እንዲህ ብንረዳው ከእውነት የራቅን አይመስለንም፦ ምርቃና ሥራው ሳይጀመር ደመወዙን ይከፍላል። ደመወዙን የተቀበለ ሠራተኛ ደግሞ ጠዋት ለምን ይነሳል?

ዋጋው ዛሬ፣ ትርፉ ነገ

ጫት የሚያቆም ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ዛሬ ነው። ድብርቱ፣ ድካሙ፣ የሌሊቱ ዱካክና የከሰዓቱ ሐራራ ሁሉ ዛሬ ይመጣሉ፤ ጤናው፣ ገንዘቡና ክብሩ የሚመለሱት ግን ቆይተው ነው። ሱቅ የሚከፍት ሰውም እንዲሁ ነው። ኪራዩ፣ ዕቃ መግዣውና ድካሙ ዛሬ ይወጣሉ፤ ትርፉ ከወራት በኋላ ነው። የሰው አንጎል በተፈጥሮው የሩቁን ጥቅም አሳንሶ፣ የቅርቡን አጉልቶ ያያል። ሱስ ይህን ዝንባሌ ያባብሰዋል። በመሆኑም ከሱስ የሚላቀቀውም ሆነ ሥራ የሚጀምረው ወጣት አንድ ዓይነት ጡንቻ ማዳበር ይኖርበታል፤ የመጠበቅን ጡንቻ።

ሂሳቡን እንመልከተው። በቀን 100 ብር ለጫት የሚያወጣ ሰው በዓመት 36,500 ብር ያወጣል። በቀን 4 ሰዓት በበርጫ የሚያሳልፍ ደግሞ በዓመት 1,460 ሰዓት ይሰጣል። "መነሻ ካፒታል የለኝም" የሚል ወጣት ቢያንስ አንዱ መነሻ የት እንዳለ ከዚህ ይረዳል።

ከመሐላ ይልቅ ሥርዓት

"ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ" የሚለው መሐላ ብዙውን ጊዜ የሚማለው ጠግበው ከቃሙ በኋላ ነው። ጠግቦ ስለ ጾም እንደ መወሰን ያለ ነው። ታዲያ ሥርዓት ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንደኛ፣ ትንሽና ቶሎ የሚታይ ሽልማት ነው። በአሜሪካ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ስቲቨን ሂጊንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለኮኬይን ሱሰኞች አንድ ዘዴ ሞከሩ። ታካሚው የሽንት ምርመራው ንጹሕ በሆነ ቁጥር በዕቃ የሚለወጥ ኩፖን ያገኛል፤ ንጹሑ ውጤት በተከታታይ ሲመጣ ዋጋው ያድጋል፤ ከተቋረጠ ወደ መነሻው ይመለሳል። ይህን ያገኙት ሰዎች የተለመደውን ምክር ብቻ ካገኙት ይበልጥ በሕክምናው ጸንተው ተገኙ። ዕቁባችንም ከዚህ አይርቅም። በየሳምንቱ የሚጣለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ቀኑ ግን አይታለፍም፤ የሚያይም ሰው አለ።

ሁለተኛ፣ መሰናከልን ከመውደቅ መለየት ነው። አለን ማርላትና ጁዲት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ አንድ ቀን የተሳሳተ ሰው ፈጽሞ ወደ ሱሱ የሚመለሰው በዚያች ቀን ስሕተት ብቻ አይደለም፤ "እንግዲህ አለቀልኝ" ብሎ ራሱን በመፍረዱም ጭምር ነው። ነጋዴ አንድ ማክሰኞ ስለከሰረ ሱቁን አይዘጋም። መዝገቡን ገልጦ ኪሳራው ከየት እንደመጣ ይመረምራል። ከሱስ የሚወጣ ሰውም የዚህ ዓይነት መዝገብ ያስፈልገዋል፦ በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? ከምን በኋላ?

ሦስተኛ፣ ብቻ አለመሆን ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የዎል ስትሪት ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ አንድን ኩባንያ ለመቆጣጠር ያደረገው ሙከራ ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ባረፈበት ሆቴል በአንድ ወገን መጠጥ ቤቱ፣ በሌላ ወገን ስልኩ ነበረ። ስልኩን መረጠ፤ እንደ እርሱ ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው ፈለገ፤ ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋርም ተገናኘ። በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር የተወለደው ከዚህ ግንኙነት ነው። በንግድ የከሰረ ሰው ከሱስ የዳነው ሌላውን ለማዳን ሲነሳ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። በሐረርጌ አፎሻን ለሚያውቅ ሰው የመረዳዳት ጥቅም አዲስ ትምህርት አይሆንም።

ንጽጽሩ የሚያበቃበት

ይሁን እንጂ ንጽጽሩን ከልኩ በላይ ልንለጥጠው አይገባም። ያልሰመረ ሱቅ ተዘግቶ ሌላ ሊሞከር ይችላል፤ ማገገም ግን የሚዘጋ ሱቅ አይደለም። ሱስ የአንጎል አሠራርን የሚለውጥ የጤና ችግር በመሆኑ፣ የጸናበት ሰው ሐኪም ማየት ያስፈልገዋል እንጂ "ሰነፍ" ወይም "ጀዝባ" ተብሎ መሰደብ የለበትም። በሌላ በኩል ሥራ የሌለውን ወጣት "ሱስህን ተው" ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪ ኬኔት ሲልቨርማን ሕክምናንና ሥራን አንድ ላይ አጣምሮ ሞክሯል። ተሳታፊዎች ንጹሕ ሆነው ሲገኙ ወደ ሥራ ቦታው ይገባሉ፣ መረጃ በኮምፒውተር መመዝገብ ይሠለጥናሉ፣ ክፍያም ያገኛሉ። ሥርዓቱ በቆየበት ጊዜ ጠቀማቸው፤ ሲቆም ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ማገገም የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል።

የሂርናን ገበሬም የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። ልጁን የሚያስተምረው ከዚያው ቅጠል በሚያገኘው ገቢ ነው። የምንጠይቀው ልጁ ነጋዴው ለሰዓት የሚሰጠውን ክብር ወርሶ፣ ከሰዓቱን ግን ለቅጠሉ አሳልፎ እንዳይሰጥ ነው።

ስለዚህ የተማሪ ክበባት ሁሉ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲያስቡበት እናሳስባለን። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራና የስፖርት ሜዳ በዚያ ሰዓት ክፍት ይሁኑ። አምስትና ስድስት ሆናችሁ አነስተኛ ዕቁብ ጀምሩ። በምርቃና ታላቅ ዕቅድ የመጣለት ካለም አይጣለው፤ በወረቀት ያስፍረውና በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት ያንብበው። ከዚያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ እስከ ቀትር ድረስ ሊሠራ የሚችል አንድ ጡብ ካገኘ፣ እርሷን ይዞ ይውጣ።