ሥራና ደስታ ስለ መስማማታቸው

ሰው ነቅቶ ከሚኖርባቸው ሰዓቶች ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው በሥራ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። እንግዲህ ሥራውን እየተሰላቸ የሚሠራ ሰው በየሳምንቱ 48 ሰዓት ያህል በመሰልቸት ይኖራል ማለት ነው። መሰልቸቱም ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ አይቀርም፤ አብሮት ወደ ቤቱ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን አጨፍግጎ የዋለ አባት ማታ ለልጆቹ የሚያሳየው ያንኑ ፊት ነው። ስለዚህ የሥራ ደስታ የመሥሪያ ቤት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጕዳይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ጥቂት ልንነጋገርበት ወደናል።

አንዳንድ ሰዎች «ሥራ ሥራ ነው፤ ጨዋታም ጨዋታ ነው፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰነፍ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር የቁም ነገር መልክ ቢኖረውም ከአገራችን የቈየ ልማድ ጋር አይስማማም። ገበሬው አዝመራው ሲደርስ ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። አንዱ ዜማውን ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር እኩል ይወርዳል። ቤተ ሰቡ እንጀራውንና ጠላውን ያቀርባል። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ብዙ ቀን የሚፈጅበት እርሻ በጥቂት ጊዜ ይታጨዳል፤ ሠራተኞቹም ደክሟቸው ሳለ እየሣቁ ይለያያሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። እናቶቻችንም ወፍጮውን ሲገፉ ያንጎራጕሩ የነበረው ሥራውን ለማቃለል እንጂ ሥራውን ለመሸሽ አልነበረም።

የደቦው ደስታ ከጠላው ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ነገሩን በጥንቃቄ ለተመለከተው ምክንያቱ አራት ነው። አንደኛ፥ ሠራተኛው ብቻውን አይደለም። ሁለተኛ፥ የሥራውን ፍሬ ወዲያው በዐይኑ ያየዋል፤ ጧት የቆመው እህል ማታ ነዶ ሆኖ ተከምሯል። ሦስተኛ፥ ጎበዝ አጫጅ መሆኑን ባልንጀሮቹ አይተው ያመሰግኑታል። አራተኛ፥ ዛሬ ለሌላው የደከመውን ነገ ሌላው ለእርሱ እንደሚደክምለት ያውቃል፤ ይልቁንም በወንፈል ሲሆን ቀኑ በቀን ተቈጥሮ ይመለስለታል።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው ሥራ እንመለስ። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ደብዳቤውን ተቀብሎ ቍጥር ሰጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ያሳልፈዋል፤ ባለ ጕዳዩ መሬቱን ያግኝ ወይም አያግኝ አያውቅም። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ትውላለች፤ ሸሚዙን ማን እንደ ለበሰው አታይም። እንደዚህ ያለው ሠራተኛ ቢሰለች የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰውየው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ፍሬው ከዐይኑ ስለ ተሰወረበት ነው። ስለዚህ አስተዋይ አለቃ በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው የሥራውን መጨረሻ ለሠራተኛው ማሳየት ነው። «ባለፈው ሳምንት ያዘጋጀኸው መዝገብ እነዚያን አሮጊት ጡረታቸውን አስገኘላቸው» የምትል አንዲት ቃል ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ታተጋለች።

በመሥሪያ ቤት አብሮ ቡና መጠጣት፥ መጨዋወትና መሣቅም የተገባ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይባል። በትእዛዝ የሚመጣ ሣቅ ደስታ አይደለም፤ አለቃው ስለ ሣቀ ብቻ የሚሥቅ ሠራተኛ ተጨማሪ ሥራ ተሰጠው እንጂ አልተጫወተም። እንደዚሁም በባልንጀራ መልክ፥ አነጋገር ወይም ድኽነት የሚደረግ ቀልድ አንዱን አስደስቶ ሌላውን ስለሚያቈስል ከጨዋታ አይቈጠርም።

ወጣቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ «የምወደውን ሥራ እስካገኝ ድረስ እጠብቃለሁ» ሲሉ ይሰማሉ። ፍቅረ ሥራ አስቀድሞ ተሟልቶ የሚገኝ ነገር ይመስላቸዋል። የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ግን ሌላ ያስተምራል። እኒህ ሴት በ1962 እ.ኤ.አ. ገና ወጣት ሳሉ ከባድ ምጥ ባደረሰባቸው የፊስቱላ ሕመም ምክንያት ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ታከሙ። ያከሟቸው በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። ወይዘሮ ማሚቱ የትምህርት ቤት ትምህርት አልነበራቸውም። ከዳኑ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍና ሕመምተኞችን በመርዳት ጀመሩ፤ ቀጥሎም ሐኪሞቹን በቀዶ ሕክምና ጊዜ እየረዱና እየተመለከቱ፥ እጃቸውም እየተፈተነ፥ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉና ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን እንኳ የሚያሠለጥኑ ሆኑ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ፍቅሩ ከሙያው ጋር አብሮ አደገ። ስለዚህ ወጣት ሆይ፤ ሥራህን ገና ስላልለመድኸው አትጥላው። ሰው ደኅና አድርጎ የሚያውቀውን ነገር ከማያውቀው ይልቅ መውደዱ የታወቀ ነውና።

ከዝቅተኛ ሥራ የሚገኝ ደስታ የለም የሚልም አይጥፋ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኤሚ ሬዝኔስኪና ጄን ደተን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ጽፈዋል። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል ማጠብ ብቻ አድርገው ያዩት ነበር። ሌሎቹ ግን ያንኑ ወለል እያጠቡ ራሳቸውን ከአስታማሚዎች ወገን ቈጠሩ፤ ሕመምተኛውንና ጠያቂውን ያጫውቱ፥ ነርሶችንም ያግዙ ነበር። ሥራቸውንም የወደዱት እነዚህ ነበሩ። መጥረጊያው አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከአስተያየቱ መጣ።

ወላጆችም ከዚሁ ጋር የሚያስተውሉት ነገር አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ለተማሪዎች የሚያስደስት እንቈቅልሽ ሰጥቶ እንዲፈቱት አደረገ። ለአንዳንዶቹ በየመልሱ ገንዘብ ከከፈላቸው በኋላ ክፍያው ሲቀር፥ በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ እንቈቅልሹ የሚመለሱበት ፍላጎት ቀነሰ። እንግዲህ ልጅዎ በፈቃዱ ደስ እያለው መጽሐፍ የሚያነብ ከሆነ፥ በየገጹ ሳንቲም ባይቈጥሩለት ይሻላል፤ ያነበበውን ቢጠይቁትና ቢያዳምጡት ግን ደስታው ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ሥራውን የሚወድ ሰው ደመ ወዝ አያስፈልገውም» የሚል አሠሪ ቢኖር ትልቅ በደል ይፈጽማል። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፥ ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ቢሠራ ወይም ከድርሻው ውጭ ቢታዘዝ ሰዎች እንደ ነውር እንደማያዩት አሳይቷል፤ «እርሱ ደስ ይለዋል» ይሉታልና። በዚህ ዐይነት ትጉው የሚሸከመው ትግሃቱን ብቻ ሳይሆን የሰነፉንም ድርሻ ይሆናል። የሠራተኛው ደስታ የራሱ ሀብት ነው፤ ከደመ ወዙ ላይ የሚቀነስ ሒሳብ አይደለም።

ፍቅረ ሥራም ራሱ ልክ አለው። የካናዳው ምሁር ሮበርት ቫለራንድና ባልንጀሮቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለት ዐይነት ፍቅር ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው ከቀረው ኑሮ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው፤ ሁለተኛው ሰውየውን ገዝቶ ከማዕድም ከእንቅልፍም የሚነጥቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ለረጅም ጊዜ ሳይቃለል ከቈየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣውን መዛል ሦስት ምልክቶች ዘርዝሯል፤ እነርሱም የጕልበት ማለቅ፥ ከሥራው በልብ መራቅና የሥራ ውጤት መቀነስ ናቸው። ባልዎ ወይም ሚስትዎ እነዚህን ምልክቶች ቢያሳዩ «ሰነፍህ፤ ሰነፍሽ» ከማለት በፊት ዕረፍታቸውን ይመርምሩ። ከላይ የተጠቀሰው ዐዋጅ ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፥ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ዕረፍት የሥራ ጠላት አይደለም፤ በሬም ቀንበሩ ካልወረደለት በማግሥቱ አያርስም።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚቀርበውን የሥራ ቦታ አንርሳ፤ እርሱም የገዛ ቤታችን ነው። እናት በየቀኑ የምትሠራው ሥራ ምሽት ላይ ተበልቶ፥ ተለብሶና ቈሽሾ ስለሚያልቅ ፍሬው እንደ ነዶ ተከምሮ አይታይም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ አይቶ ሊያመሰግንና እጁን ሊያግዝ ይገባዋል፤ አባትና ልጆች አብረው ቢያጥቡና ቢያጥፉ ቤቱ ትንሽ ደቦ ይሆናል። የቤት ሠራተኛም ያለችበት ቤት የበለጠ ይጠንቀቅ። የግል ቤት አገልግሎት ከዚያ ዐዋጅ ውጭ ስለ ተደረገ፥ የእርሷ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት በአብዛኛው በአሠሪዋ ኅሊና ላይ የተጣለ ነው። በመሥሪያ ቤቱ «አለቃዬ አያመሰግነኝም» ብሎ የሚያዝን ሰው፥ ማታ ራትዋን ያቀረበችለትን ልጅ ስሟን ጠርቶ አመስግኗት እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። በሳምንት የምታርፍበትን ቀን ይወስንላት፤ ማታ ትምህርት ለመማር ብትሻም በሩን ይክፈትላት። ከአለቃችን የምንሻውን ደስታ በእጃችን ላለችው ሰው አስቀድመን ልንሰጣት እንችላለንና።