ክብሪቱን ትተው ሰዓትዎን ይመልከቱ

ልጅ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር መያዝ አሁንም አልቀረም። እኔ ግን ሰዓት ቢያዝ እመርጣለሁ። የአንጎል ነርቮች ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ ግሉታሜት ነው። በመጠኑ ሲሆን እንማርበታለን፣ እናስታውስበታለን። መንቀጥቀጡ ሳያቋርጥ ሲረዝም ግን ግሉታሜቱ ይበዛል፤ ካልሲየም ወደ ነርቭ ሴሉ ያለልክ ይገባና ሴሉን እስከመግደል ይደርሳል።

አብዛኛው መንቀጥቀጥ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል (ክብሪቱ የሚመሰገነውም ለዚሁ ነው!)። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ልጁ ሳይነቃ ከደገመው ግን ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። እስከዚያው በጎኑ ያስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ። መድኃኒቱንም «ተሽሎታል» ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ ድንገት ማቋረጥ ራሱ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።