«ቦሌ አድርጊው»

ባለፈው ሰሞን ነገሌ ቦረና ተወልዳ ያደገች ባልደረባችን የተከታታይ ድራማ ጽሑፏን ይዛ አንድ ፕሮዲዩሰር ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውየው አምስት ገጽ ያህል ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጥሩ ነው፤ ግን ቦሌ አድርጊው» አላት። በቃ! ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ተናደድን።

የቦሌውን ድራማ መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን። ቪላ፣ ውርስ፣ የተደበቀ ልጅ፣ ክፉ እንጀራ እናት… ጀግናዋን የሚያሳድዳት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከራሷ ጋር ስትጣላ አናያትም። ታለቅሳለች እንጂ አትጠራጠርም።

እስቲ አሁን ነገሌን እንያት። ጥር 1966 ዓ.ም.። በጦር ሰፈሩ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም ብለዋል። ምግቡም የሚበላ አይደለም። ወታደሮቹ ተነሡና አለቆቻቸውን አሰሩ። ጃንሆይ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ያዟቸው፤ እኛ የምንበላውን ብሉ፣ የምንጠጣውን ጠጡ አሏቸው። ከስምንት ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የውጪው እንቅፋት ፓምፑ ነው። የውስጡስ? ለንጉሡ የማለ፣ ከደመወዙ ለእናቱ የሚቆርጥ አንድ አሥር አለቃ እናስብ። ያን ሌሊት ጠመንጃውን ታቅፎ «ነገ አለቃዬን ላስር ነው?» እያለ ይገላበጣል። ጄኔራሉስ ኩባያውን ሲቀበሉ የተሰማቸው ውርደት ነው ወይስ ኀፍረት? ለዚህች አንዲት ትዕይንት ስንቱን የቦሌ ቪላ በለወጥን!

«የታሪክ ድራማ ውድ ነው» ትሉን ይሆናል። እሺ፣ የቅርቡን እንውሰድ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር የቦረና ከብት አለቀ። መንጋው ያለቀበት ወጣት ያቤሎ ወይም ሞያሌ ገብቶ የሰው ባጃጅ ይነዳል እንበል። ነዳጅ ይጠፋል፣ ትራፊክ ያስቆመዋል፤ ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ማታ ማታ የሚመጣው ነው፦ ከብት የሌለው ቦረና ምን ዓይነት ቦረና ነው? አባቱ ዘንድ ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ? የባጃጅ ኪራይ ደግሞ ውድ አይደለም።

ተመልካች የለውም የሚለውንም አንቀበልም። «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ ሲተላለፍ አድማጩ በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፎለታል። ያውም ቪላውን ማንም ሳያየው።

ባልደረባችን ጽሑፉን ወደ ቦሌ አላዛወረችውም። ለሐሙስ ሌላ ፕሮዲዩሰር ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች፤ የሚላትን እንነግራችኋለን።