«ብርድ ነው» ማለት ይብቃን

ዛሬ የማነሳው ነገር እሁድ ስንገናኝ ጮክ ብለን የማናወራው ነው። ቡና ላይ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ማዳም ጠባይ እናወራለን። ከወገብ በታች ያለውን ግን አንዷ ለአንዷ ጆሮ ላይ ሹክ ትላለች። ያችም «ብርድ መትቶሽ ነው፣ ትኩስ ነገር ጠጪ» ትላታለች። በቃ፣ ወሬው እዚያው ያልቃል፤ ሕመሙ ግን አያልቅም። በኔ አስተያየት ይሄ ሹክሹክታ ከበሽታው በላይ እየጎዳን ነው።

ነገሩን በስሙ እንጥራው። ብዙዎቻችን ብርድ የምንለው ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም፣ በሴት ብልትና በሽንት መውጫ ቱቦ ውስጥ ይኖራል፣ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚመስል፣ አንዳንዴም አረፋ ያለው ፈሳሽ ያመጣል። ይሸታል፣ ያሳክካል፣ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል። የኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 156 ሚሊዮን ጊዜ ሰው በአዲስ ተይዟል። እዚህ ያሉት ማዳሞችም ይይዛቸዋል፣ አገር ቤት ያሉ እህቶቻችንም ይይዛቸዋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከተያዙት 10 ሰዎች ሰባቱ ያህል ምንም ምልክት አያዩም። ወንዶች ደግሞ አብዛኞቹ ጭራሽ አይታወቃቸውም። ተሕዋሱ ሴት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ምርመራ ላይ ቢገኝ መቼ እንደገባና ከማን እንደመጣ ማንም ሐኪም ሊናገር አይችልም። ከአገር ስትወጪ ይዘሽው መጥተሽ ሊሆን ይችላል። ባልሽ ሰጥቶሽ ሊሆን ይችላል። አንዲት እህት ታመመች ሲባል «የት ሄዳ ነው? ከማን ጋር ሆና ነው?» የምንል ሰዎች ይህን ብናውቅ አፋችንን እንይዝ ነበር። አገር ቤት ያለው ባልም ስልክ ላይ ለመፍረድ ከመቸኮሉ በፊት እሱም ይመርመር።

በጉልበት የደረሰባቸው እህቶችም በመሃላችን አሉ። እነሱን «በሽታ ይዛ መጣች» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ አለባት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ እርግዝና መከላከያውም በ5 ቀን ውስጥ ነው። እኛ ስናማት የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነው።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። አገር ቤት ለአሜባና ለጃርዲያ የምንወስደው ሜትሮኒዳዞል፣ ፍላጅል የምንለው ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ስለምናውቀው አንዷ የተረፋትን አራት ፍሬ ለጓደኛዋ ትሰጣለች። ያቺም ሁለቱን ውጣ ማሳከኩ ሲቀላት ሁለቱን ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች። ይሄ ሕክምና አይደለም። ለሴት የተለመደው 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ነው፣ ቢሻላትም ጨርሳ መውሰድ አለባት። አጋሯ እሱ ባያመውም አብሮ ካልታከመ ያው ተመልሶ ይይዛታል። ከታከሙት ከ5ቱ አንዱ በ3 ወር ውስጥ እንደገና ይያዛል። «መድኃኒቱ አልሰራልኝም» የምትል ብዙ ጊዜ የመለሰባት እሱ ነው። ሁለቱም ጨርሰው እስኪድኑ ግንኙነት የለም፣ ከዚያም በ3 ወር ውስጥ ደግሞ መመርመር ነው።

ደግሞስ ፍላጅሉ ለሷ ሕመም መሆኑን በምን አወቅን? ፈንገስ ከሆነ ፍላጅል አይነካውም። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከሆነም ሌላ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው፣ ዝም ከተባለ ደግሞ ልጅ እስከማሳጣት ይደርሳል። በዓይን አይለይም፣ በሽታም አይለይም። የሚለየው በጥጥ ተጠርጎ በሚወሰድ ናሙና ነው፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ያረገዘች እህትማ ጭራሽ መቆየት የለባትም፤ ይሄ በሽታ ያለቀኑ ከሚወለድና ክብደቱ ካነሰ ሕፃን ጋር ይያያዛል። በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድልንም ይጨምራል።

በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በደቶል የምትታጠቡም ተዉት። ተሕዋሱን አያጠፋም። የሚያጠፋው ብልትን የሚጠብቁትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ነው፣ ቆዳውንም ይልጠዋል። ክሎር ወለል ማጽጃ ነው፣ ገላ ማጽጃ አይደለም።

«ማዳም ካወቀች ታባርረኛለች» የሚለውን ፍርሃት አልንቀውም። እውነት ነው፣ ለባሰ ትንሽ ነገር የተባረረች አለች። ማዳም ሐኪም ክፍል ድረስ ገብታ፣ እሷው አስተርጓሚ ሆና፣ ማታ ለጎረቤት ስታወራ የዋለችም አለች። ግን የዚህ መልሱ ብቻችንን መታመም አይደለም። እረፍት ያላት በእረፍቷ ቀን ትሂድ። ማዳም ይዛት የምትሄድ ደግሞ «ከሐኪሟ ጋር ለብቻዬ ልነጋገር» ብላ ትጠይቅ። አስተርጓሚ ከሌለ ጥቂት ቃል ይበቃል፦ ኢፍራዛት ማለት ፈሳሽ፣ ሀካ ማለት ማሳከክ፣ ሀርቃን ማለት ማቃጠል፣ ፈህስ ማለት ምርመራ፣ ተቢበ ኒሳኢዬ ማለት የሴቶች ሐኪም ናት። ቆርጣችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አስቀምጡት።

«ይሄን በጋዜጣችን ላይ ማውጣት ስማችንን ያጠፋል» የምትሉም እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስማችንን የሚያጠፋው እህታችን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እያለቀሰች እኛ ቡና ላይ ስናማት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አረብኛ በደንብ ከሚችሉት መካከል ሁለት እህቶች ከታመመች ጋር ሐኪም ቤት ለመሄድ ይመደቡ፣ የሰሙትንም ለማንም ላለማውራት ቃል ይግቡ። ሁለተኛ፣ ለቀብርና ለትኬት እንደምናዋጣው ሁሉ ለምርመራ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ብዙዎቻችን ያለን ኢንሹራንስ ተኝቶ ለመታከም እንጂ ለእንዲህ ያለ ምርመራ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ኮንዶም ከመዝገቡ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ፣ የወሰደችውን ማንም አይጠይቃት።

በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አነሳዋለሁ። የማትስማሙም ኑና ፊት ለፊት እንከራከር። እስከዚያው ግን አንዲት እህት ጆሯችሁ ላይ ሹክ ካለቻችሁ «ብርድ ነው» አትበሏት። «መቼ እንሂድ?» በሏት።